«ቅዱት» የሚል አንድ ገጽ

ባለፈው ክረምት አንድ ፍላሽ እጄ ገባ። ውስጡ ያለው በጥርባ አካባቢ ለረጅም ዘመን ያስተማሩ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ መምህር የሰበሰቡት የአዊኛ ቃላት ዝርዝር ነው፤ አዊኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ። ፍላሹን ያመጣችልኝ ልጃቸው ናት፤ ለእኔ ታላቅ እህት የምትሆን። «አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለ? እስቲ ክፈትልኝ» አለች። ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ የመጣው ግን አዊኛም አማርኛም አልነበረም። ባለ ሁለት ነጥብ የላቲን አናባቢዎች፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት።

«ቫይረስ በልቶታል ማለት ነው?»

ቫይረስ አልበላውም። ፋይሉ ሙሉ ነው፤ የጠፋው የተጻፈበት ፎንት ነው። ደግነቱ መምህሩ ከዝርዝሩ ጥቂት ገጾችን በወረቀት አትመው ነበር። የታተመውን ገጽ ከተበላሸው ስክሪን ጎን አስቀምጬ፣ ይህ ምልክት «መ» ነው፣ ያኛው «ሳ» ነው እያልኩ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ከዚያ ሰንጠረዡን ተከትሎ አሮጌውን ጽሑፍ ወደ ዛሬው የሚቀይር 400 መስመር ገደማ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሲሳካልኝ ኮዱን ጊትሃብ ላይ ወረወርኩትና ረሳሁት።

ከሦስት ወር በኋላ ውጭ አገር የሚኖር የማላውቀው ልጅ መልእክት ላከልኝ። የአዊኛ መዝገበ ቃላት አፕ እየሠራ ነው፤ እሱም ጋ በዚያው ፎንት የተጻፉ ፋይሎች አሉ። «ሥራህ በጣም ይጠቅመኛል፤ ግን ፈቃድ አላስቀመጥክበትም። ልጠቀምበት እችላለሁ?» ይላል።

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «የምን ፈቃድ ነው፣ አደባባይ ላይ አስጥቼው የለ እንዴ!» የሚል ነበር። ነገሩን ሳየው ግን ልጁ ልክ ነው። እኔ የሰጠሁ መስሎኝ ቆልፌ ተቀምጫለሁ። ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ እየጎተተ የወሰደኝን ታሪክ ይተርካል፤ በመጨረሻም የትኛውን ፈቃድ እንደመረጥኩና ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

*

ከሕጉ እንጀምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ደራሲና ስለ ሠዓሊ መብት የሚናገሩ አንቀጾች ነበሩት። በዚያ ዘመን ግን «የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለቤቱ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። ጥያቄውን በግልጽ የመለሰው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ፣ ከዜማና ከሥዕል ጋር አንድ ላይ «ሥራ» ብሎ ይቆጥረዋል። ጥበቃው የሚጀምረውም ሥራው ሲፈጠር ነው። ምዝገባ አይጠይቅም፣ ማኅተም አይጠይቅም፣ ሥራው ጥሩ ይሁን መናኛ፣ ለንግድ ይሁን ለጨዋታ አይመረምርም። የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ይህን ወደ እኔ 400 መስመር አምጡት። ማታ ማታ፣ አንዳንዴም ከእራት በኋላ እያዛጋሁ የጻፍኩት ኮድ፣ እኔ ሳልጠይቅና ሳላውቅ፣ ከታላላቅ መጻሕፍት እኩል የተጠበቀ ነው። ነገ መኪና ቢገጨኝ ደግሞ ቁልፉ በወራሾቼ እጅ 50 ዓመት ይቀመጣል። እናቴ ስለ ፓይተን ምን ታውቃለች?

አደባባይ ላይ ማስቀመጤስ? ጊትሃብ ላይ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት ስታደርጉ ሌላው ተጠቃሚ እንዲያየውና እዚያው ድረ ገጽ ላይ የራሱን ቅጂ እንዲይዝ ፈቅዳችኋል። አውጥቶ በራሱ አፕ ውስጥ እንዲያስገባው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው ግን አልፈቀዳችሁም። ሕጉ ዝምታን እንደ ክልከላ ነው የሚያነበው። ክፍት ሶፍትዌር ማለት ኮዱ የሚታይ ሶፍትዌር የሚመስለን ብዙዎች ነን። መታየቱ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ባለመብቱ «ቅዱት» ብሎ የጻፈው አንድ ገጽ አብሮት ካልተቀመጠ፣ ጥንቁቅ ሰው አይነካውም። የሚነካው ጥንቃቄ የሌለው ብቻ ነው።

*

«ቅዱት» ብሎ መጻፍ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍትን መጨረሻ ገጽ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቁም ጸሐፊው ሥራውን ሲጨርስ፣ ለጻፈውና ላስጻፈው ጸሎት እንዲደረግላቸው ይለምናል። ከዚያ ግዝት ይከተላል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ የተወገዘ ይሁን ይላል።

ግዝቱን ልብ በሉት። የሚከለክለው ሁለት ነገር ነው፦ መስረቅና መፋቅ። የሰረቀ መጽሐፉን ከሌሎች አንባቢዎች እጅ ያወጣል፤ የፋቀ የባለቤቱን ስም ያጠፋል። ቀድቶ የወሰደ ግን ከተረገሙት ውስጥ የለም። እንዲያውም መጽሐፍ ከደብር ወደ ደብር የደረሰው በመቀዳት ነው። አንዱ ቅጂ በእሳት ወይም በጦርነት ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። ይቀዳል፣ ስሙ አይፋቅም፣ ከሕዝብ እጅ አይወጣም። ዛሬ ፕሮግራመሮች በእንግሊዝኛ ከሚጽፏቸው ፈቃዶች ሐሳብ ብዙው እዚያች የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ወደ ኮምፒውተር ስንሻገር ግን ልማዱ አብሮን አልተሻገረም። ይህ በማንም ክፋት አልሆነም። የሆነበት ምክንያት በከፊል ቴክኒካዊ ነው።

አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ውስጥ ግማሹን የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የኮምፒውተሩ ትእዛዞች ይዘውታል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላ ፊደላቱ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፎንት የሠሩ ሰዎች ጨርቁ አልበቃ እንዳለው ልብስ ሰፊ ተጨንቀዋል። ፊደሉን ለሁለት ፎንት የከፈሉ ነበሩ። የፊደሉን ግንድ አንድ ቦታ፣ ቅጥያውን ሌላ ቦታ አድርገው በስክሪን ላይ የሚገጣጥሙም ነበሩ። የጋራ ስምምነት ስላልነበረ፣ አንዱ «መ»ን ባስቀመጠበት ቁጥር ላይ ሌላው «ሸ»ን አስቀመጠ። በአንዱ የጻፍከው በሌላው አይነበብም።

እነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ የሚሸጡ ነበሩ፤ መሸጣቸውም ነውር የለውም። ኮምፒውተርን ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛ ያስጻፉ ሰዎች እንጀራቸውን ከልፋታቸው ማግኘት ነበረባቸው። ግን ፎንቱ የተዘጋ ሲሆን፣ የቁጥሩ ሰንጠረዥም አብሮ ይዘጋል። ሻጩ ሥራውን ሲያቆም፣ ወይም አዲሱ ዊንዶውስ አሮጌውን ፕሮግራም አልቀበልም ሲል፣ ደንበኛው የራሱን ደብዳቤ ማንበብ ያቅተዋል። የአገራችን ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች የአንድ ዘመን ጽሑፍ በእንደዚህ ያሉ ፋይሎች ውስጥ ነው የተቀመጠው። የመምህሩም ዝርዝር እንዲሁ።

የአዊኛው ደግሞ ባሰበት። አዊኛ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለው፤ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ «ን» እና «ግ» በአንድ ትንፋሽ የተባሉ የሚመስል። በአገው ቋንቋዎች ይህ ድምፅ የሚጻፈው «ጘ» ተብሎ ነው፤ «ገ» ላይ ምልክት ተጨምሮበት። ለአማርኛ እንኳ ቦታ ያልበቃው ፎንት ለ«ጘ» ከየት ያምጣ? መምህሩ በ«ጘ» ፈንታ «ገ» ጽፈው ከጎኑ ኮከብ አድርገዋል። መቀየሪያውን ስጽፍ ኮከቦቹ የማረሚያ ምልክት መስለውኝ ሁለት ሳምንት ያህል ሳጠፋቸው ቆየሁ። አንድ ሌሊት ነው የገባኝ፤ ሰውየው የሌለውን ፊደል በእጃቸው ሠርተውት ነበር።

*

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የሄዱ ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የሚባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ ግዕዝን በተራ የላቲን ቁልፎች የመጻፊያና የመላላኪያ ስምምነት ነው። በድምፁ ትጽፋለህ፣ ፕሮግራሙ ፊደሉን ያወጣልሃል። ሰንጠረዡን ለሁሉም ክፍት አድርገው አሳተሙት። ክፍት ስለሆነም ከማይጠበቅ ቦታ ወዳጅ አገኘ። ናኦቶ ታካሃሺ የሚባል ጃፓናዊ ፕሮግራመር የግዕዝን ፊደል ከእነ ሴራ አጻጻፉ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ግዕዝ መጻፍ ይችላል። ዩኒኮድ ፊደላችንን ከመቀበሉ ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። ኢማክስ የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ የሚያሳይበት አንድ ገጽ አለው፤ ዛሬም ብትከፍቱት «ሠላም» የሚል የአማርኛ መስመር ታገኛላችሁ።

እስቲ ይህን ከመምህሩ ፋይል ጋር አስተያዩት። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሥራዎች ናቸው። አንዱ ዛሬ በማንኛውም አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ ሌላው በፍላሽ ውስጥ ዲዳ ሆኖ ቆየ። የመጀመሪያው የተረፈው ከ1997 ጀምሮ ማንም ሰው፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሊቀዳው፣ ሊጠግነውና ወደ አዲስ ማሽን ሊያሻግረው ስለተፈቀደለት ነው። ፈቃዱ ደግሞ የተጻፈ ነው።

ያ ፈቃድ ከየት እንደመጣ ደግሞ ራሱ ኢማክስ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1981 ጀምስ ጎስሊንግ፣ ኋላ ጃቫን የፈጠረው ሰው፣ ገና ተማሪ ሳለ ለዩኒክስ የሚሆን ኢማክስ ጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ ከፕሮግራመር ወደ ፕሮግራመር ሲዘዋወር ቆየና በ1983 ዩኒፕሬስ ለሚባል ኩባንያ ተሸጠ። ሪቻርድ ስታልማን ደግሞ የራሱን ኢማክስ ሲጽፍ ከጎስሊንግ ኮድ የተወሰነውን ወስዶበት ነበር። ኩባንያው አቁም አለው። ስታልማን የወሰደውን ክፍል አውጥቶ እንደገና ጻፈው። ትናንት እንደ ልብ ሲዞር የነበረ ነገር ነገ ሊቆለፍ እንደሚችል ከዚህ ተማረ። ስለዚህ ለኢማክስ የራሱን ፈቃድ አዘጋጀ፤ ያ ፈቃድ አድጎ በ1989 ጂፒኤል ሆነ። ሁለተኛው እትም በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 ወጣ።

ጂፒኤልን ለአባቴ ያስረዳሁት በወንፈል ነው። ወንፈል እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ እኔ አንተ ማሳ ላይ አንድ ቀን ካረምኩ፣ አንተም በተራህ እኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን ታርማለህ። ጂፒኤልም ኮዱን ውሰድ፣ ተጠቀም፣ ከፈለግህም ሽጠው ይላል። ግን አሻሽለህ ለሌላ ሰው ከሰጠህ፣ ምንጭ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ አብረህ ስጥ። ጉልበት ተቀብለህ በርህን አትዝጋ ነው ነገሩ። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል፦ በወንፈል ጉልበትህን የምትመልሰው ለሰጠህ ሰው ነው፤ በጂፒኤል ግን ብድሩ የሚከፈለው ከአንተ ለሚቀበለው፣ ገና ላላየኸው ሰው ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ «እንግዲያ ከወንፈል ይበልጣል» አለ።

ከጂፒኤል ተቃራኒ ጎን የኤምአይቲ ፈቃድ አለ። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የፈለግኸውን አድርግ፣ ቆልፈህ ብትሸጠውም ያንተ ጉዳይ ነው፤ ስሜንና ይህን ፈቃድ ብቻ ከኮዱ ጋር አቆይልኝ፣ ቢበላሽብህም አትክሰሰኝ ይላል። በመሐል አፓቼና ሌሎችም አሉ። አብዛኛው የትርፍ ጊዜ ፕሮግራመር የሚጣላው ግን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

*

«ለትርፍ ጊዜ ሥራ ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድነው?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። ሁለት ታሪክ ልንገረው።

አንደኛው የሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የ21 ዓመት ተማሪ ሆኖ ሊኑክስን ሲያስተዋውቅ፣ ነገሩ ለጨዋታ የሚሠራው እንደሆነና ትልቅ ነገር እንደማይሆን ነበር የተናገረው። የመጀመሪያው ፈቃዱ ደግሞ ማንም ሰው በሊኑክስ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክል ነበር። ችግሩ ወዲያው ታየ፤ ፕሮግራሙን በፍሎፒ ገልብጦ የዲስኩን ዋጋ ብቻ የሚያስከፍል ሰው እንኳ ፈቃዱን ይጥሳል። በ1992 መጀመሪያ ላይ ቶርቫልድስ ወደ ጂፒኤል ቀየረው። ሊቀይረው የቻለው ግን ገና ከሌላ ሰው የመጣው ኮድ ጥቂት ስለነበር ነው። እያንዳንዱ የሚያዋጣ ሰው ለጻፈው መስመር ባለመብት ነው፤ ከመቶ ሰው በኋላ ፈቃድ መቀየር መቶ ሰው ፈልጎ ማስፈረም ነው። «በኋላ አስብበታለሁ» የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሮበርት ጃኮብሰን ነው። በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር፤ የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ደግሞ የአሻንጉሊት ባቡር። ከሌሎች ጋር ሆኖ የአሻንጉሊት ባቡሮችን የሚያዝ ነጻ ፕሮግራም ጻፈ። አንድ ነጋዴ የፕሮግራሙን የተወሰኑ ፋይሎች ወስዶ፣ የደራሲዎቹን ስምና የፈቃዱን ማስታወቂያ ሳያስቀር በራሱ ምርት ውስጥ አስገባቸው የሚል ክርክር ተነሳ። የሥር ፍርድ ቤቱ ነገሩን እንደ ተራ የውል ጥሰት ነበር ያየው። በነሐሴ 2008 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በነጻ የተሰጠ ሶፍትዌር ፈቃድ ቅድመ ሁኔታዎች በቅጂ መብት ሕግ የሚያስከብሩ ናቸው ብሎ ወሰነ። ገንዘብ አለመጠየቅ መብትን መተው አይደለም ማለቱ ነው። በዓለም ላይ ያለው ክፍት ሶፍትዌር ሁሉ የሚጠቅሰው ይህ ውሳኔ የመጣው ከአሻንጉሊት ባቡር ነው።

*

ወደ ፊደላችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ምልክቶች መደበ። ከእነሱ ውስጥ «ጘ» ከነቤተሰቡ ነበረበት። መምህሩ በኮከብ ያመለከቱት ድምፅ በመላው ዓለም አንድ የታወቀ ቁጥር አገኘ። ግን ቁጥር ብቻውን አይነበብም፤ ቁጥሩን የሚስል ፎንት ያስፈልጋል።

ማይክሮሶፍት በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለውን ፎንት አስገባ። ቆንጆ ፎንት ነው፤ ብዙዎቻችን አማርኛን በስክሪን ያነበብነው በእሱ ነው። ግን የዊንዶውስ አካል እንደመሆኑ፣ ኒያላን አውጥተህ በራስህ አፕ ውስጥ ማከፋፈል ወይም የጎደለውን ፊደል ጨምረህ መስጠት አትችልም።

ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ደግሞ ከእኛው የእጅ ጽሕፈት ልማድ የተነሣ አቢሲኒካ የሚባል ፎንት ሠርቶ፣ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በተባለ ራሱ ባዘጋጀው ፈቃድ ለቀቀው። የዚህ ፈቃድ 1.1 እትም የወጣው በየካቲት 2007 እ.ኤ.አ. ነው። ቁም ነገሩ አጭር ነው፦ ተጠቀሙበት፣ ቀይሩት፣ ከሶፍትዌር ጋር ጨምራችሁ ሽጡት፤ ፎንቱን ለብቻው ግን አትሽጡ፤ የቀየራችሁትንም በዚሁ ፈቃድ ልቀቁ። ሠሪው ከፈለገ የፎንቱን ስም ማስጠበቅ ይችላል፤ ያኔ የቀየረ ሰው አዲስ ስም ያወጣል። በፎንቱ የተጻፈው ሰነድ ግን የጸሐፊው ነው፤ ፈቃዱ አይነካውም። የጉግል ኖቶ ፎንቶችም መጀመሪያ በአፓቼ ወጥተው በ2015 ወደዚሁ ፈቃድ ተሻግረዋል። ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ የምታነቡ ከሆነ የምታዩት ፊደል የኖቶ ሊሆን ይችላል።

ተመሳሳይ መንገድ የሄዱ ሌሎችም አሉ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን ጨምሮ የብዙ ቋንቋዎችን ኪቦርድ የያዘው ኪይማን ለዓመታት የንግድ ሶፍትዌር ነበር፤ በ2015 ወደ ኤስአይኤል ከተዛወረ በኋላ ነጻ ሆኖ በኤምአይቲ ፈቃድ ተለቀቀ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት እየበተነ የሚተነትነውን ሆርንሞርፎ በጂፒኤል ሰጥቶናል። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ ለአዊኛ ልቀጥልበት ቢል የሚያስፈልገው ፈቃዱን አንብቦ ማክበር ብቻ ነው።

*

እኔስ የትኛውን መረጥኩ?

ልቤ ወደ ጂፒኤል ነበር። ለወንፈል የሚቀርበው እሱ ነው። አንድ ኩባንያ መቀየሪያዬን ወስዶ፣ አሳምሮ፣ ለቢሮዎቻችን በውድ ሲሸጥና የተሻሻለውን ሲደብቅብን ይታየኛል። ያ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ሊሆን ይችላል።

ግን ራሴን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ እስካሁን የጎዳን የትኛው ነው? የግዕዝ ፎንቶችን ዘመን ሳይ፣ የመምህሩ ዝርዝር የጠፋው ሌባ ወስዶት አይደለም። የፎንቱ ሰንጠረዥ አንድ ቦታ ብቻ ስለነበረና እዚያው ስለሞተ ነው። የእኔ ሥራ ትልቅ ሥርዓት አይደለም፤ ሰንጠረዥና 400 መስመር ነው። የሚጠቅመው በብዙ ቦታ ሲገባ ነው፦ በመዝገበ ቃላት አፕ፣ በቢሮ ሶፍትዌር፣ በኪቦርድ፣ በተማሪ የመመረቂያ ሥራ። መልእክት የላከልኝ ልጅ አፕ በኤምአይቲ የወጣ ነው፤ የእኔን በጂፒኤል ብሰጠው፣ ኮዴን የያዘውን አፕ በጠቅላላ በጂፒኤል ደንብ ማሰራጨት ሊኖርበት ነው። እንደ ሊኑክስ ወይም እንደ ሆርንሞርፎ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ብሠራ ኖሮ ጂፒኤልን እመርጥ ነበር፤ የሚዘጋበት ሰው ብዙ ጉልበት ነውና የሚዘጋው። ለሰንጠረዥ ግን ከመቆለፍ ይልቅ የመረሳት አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ኤምአይቲን መረጥኩ። የቁም ጸሐፊውን ግዝት ግማሹን ይዤ ግማሹን ተውኩ ማለት ነው፦ አትፋቀኝ አልኩ፣ ቆልፈህ አትውሰድ የሚለውን ግን አላልኩም።

ፋይሉን ፈጥሬ ጽሑፉን ለጠፍኩና ለልጁ «አሁን ትችላለህ» ብዬ መለስኩለት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እሱ ግን ቀጠለ። «የቃላት ዝርዝሩስ?»

እዚህ ላይ ነው እጄ የታሰረው። ኮዱ የእኔ ነው፤ ቃላቱ የመምህሩ ናቸው። አዊኛ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ግን የመረጡት፣ ያዋቀሩት፣ አማርኛውን የፈቱት፣ በኮከብ የለዩት እሳቸው ናቸው። አዋጁ የሚለው 50 ዓመት ገና መቁጠር የጀመረው በቅርብ ነው፤ መብቱም ያለው በወራሾቻቸው እጅ ነው። ፋይሉን የከፈትኩት እኔ መሆኔ ባለቤት አያደርገኝም።

ልጃቸው ጋ ሄድኩ። ለጽሑፍ የተሠራ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባል የፈቃድ ቤተሰብ እንዳለ፣ ከእነሱ አንዱ «ስሙን ጥቀስ፣ የቀየርከውንም በዚሁ ፈቃድ አጋራ» እንደሚል አስረዳኋት። ዊኪፒዲያ የሚሠራበት ፈቃድ ነው። በጽሞና ሰማችኝ።

«የአባቴ ስም ይቀራል?»

«አይጠፋም። የሚያጠፋው ሰው ፈቃዱን አፍርሷል።»

«ሰው አሳትሞ ሊሸጠው ይችላል?»

እውነቱን ነገርኳት። ይችላል። ሌላ ሰው እንዳይቀዳው መከልከል ግን አይችልም። ገንዘብ እንዳያመጣበት የሚከለክል ሌላ ፈቃድም እንዳለ ነገርኳት፤ ግን በዚያኛው ከሄድን የዊኪ ጣቢያዎች ዝርዝሩን ሊወስዱት አይችሉም፣ መጽሐፉን በትንሽ ዋጋ የሚያባዛ የአካባቢ ማተሚያ ቤትም ችግር ይገጥመዋል። የቶርቫልድስን የፍሎፒ ታሪክ ነገርኳት፤ ሳቀች።

ሳቋ ሲያልቅ ግን ዝም አለች። አባቷ ለዚህ ዝርዝር በየገበያው፣ በየለቅሶ ቤቱ ደብተር ይዘው ሽማግሌ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አምስት ሳንቲም አላገኙበትም። ሌላ ሰው ሲያገኝበት ማየት ቀላል አይደለም፤ እኔ በስድስት ወር ትርፍ ጊዜ በጻፍኩት ኮድ ላይ የወሰንኩትን እሷ በሰው ዕድሜ ላይ እንድትወስን ነው የጠየቅኳት። ደግሞ ብቻዋን መወሰን አትችልም፤ ወንድም አላት፣ መብቱ የሁለቱም ነው።

«ለጥር 23 ይመጣል» አለችኝ። የፈረሰኞቹን በዓል ማለቷ ነው፤ በዚያ ቀን ከአገር የወጣ የአዊ ልጅ ሁሉ ወደ እንጅባራ ይሰበሰባል። «ሲመጣ ተቀምጠን እንነጋገራለን። አንተም ና፤ ይህን የወንፈሉን ነገር ለእሱም አስረዳው።»

እስከዚያ ዝርዝሩ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ኮከቦቹ ሁሉ «ጘ» ሆነዋል፤ ይነበባል። ከእኔና ከእሷ በቀር ያነበበው ግን የለም። ውጭ ላለው ልጅ «ቆይ» ብዬዋለሁ፤ እሱም እየጠበቀ ነው።